ስድስት መቶ ባዶ ፕላስቲክ

በለጠች ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች። ውኃ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ የሐምሌ ውኃ፣ ከውኃው ሥር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ድንጋይ። ችግኝ የለም። ክንዷን አውጥታ በጉልበቷ እየዳኸች ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፈች። እዚያም ውኃ ነው። በሦስተኛው የበግ በጠጥ ተንሳፍፏል። ከአራተኛው እንቁራሪት ዘላ ወጣችና ደረቷ ላይ ልታርፍ ምንም አልቀራትም።

"ጎርፍ ይሆን የወሰደብኝ?" አለች ጮክ ብላ፣ ከጎኗ ሰው ያለ ይመስል።

ራሷም አላመነችው። ስድስት መቶ ችግኝ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጉድጓዱን እንዳለ ትቶ የሚሄድ ጎርፍ የት አገር አለ? ተነሥታ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና በተዳፋቱ ላይ እየተንሸራተተች አርባ ጉድጓድ አየች። አርባውም ባዶ ነው። ግንቦት ላይ በሰዉ ጉልበት የተቆፈረው ሁሉ አፉን ከፍቶ ዝናብ ይጠጣል።

ቦታው ከደባርቅ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጥድ አምባ የምትባል መንደር፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በላይ። ጥድ አምባ ትባል እንጂ ጥድ ከጠፋባት ቆይቷል። በበለጠች አባት ልጅነት ከቅጥሩ እስከ ወንዙ ድረስ ሰማይ የማያሳይ የሐበሻ ጥድ ነበረ ይባላል። ጥድ አይነቅዝም፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። የቤት ምሰሶ፣ የበረት አጥር፣ የመቅደስ በር፣ የትምህርት ቤት ማገር እየሆነ አለቀ። አሁን የቀሩት በቅጥሩ ውስጥ ያሉ ሁለት ሽማግሌ ዛፎች ናቸው፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። የምታፈራው ሴቲቱ ነበረች። እሷም ካቻምና አናቷ ደረቀና ፍሬ መስጠት አቆመች።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደባርቅ ችግኝ ጣቢያ ፎርማን የሆነችው በለጠች ስድስቱን መቶ ችግኝ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሃያ የመንደሩ ወጣቶች አስረከበች። የወጣቶቹ መሪ ያርጋል ነው፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ። ችግኙን በአህያ ጭነው እየዘፈኑ ወጡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱና ችግኙ ያደገበትን ስድስት መቶ ባዶ ፕላስቲክ፣ ሃምሳ ሃምሳው በገመድ ታስሮ፣ እግሯ ሥር ቆለሉላት። ቆጠረች። አንድም አልጎደለም። "እሰይ የእናቴ ልጅ! ተባረኩ!" ብላ ያርጋልን ግንባሩን ሳመችው። አሁን ይህ ትዝ አላትና ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ወደ ተዳፋቱ የወጣችው ለቁጥጥር አልነበረም። ቆመው ልታያቸው ብላ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያሳደገቻቸውን በቦታቸው ቆመው አንድ ጊዜ አይታ ልትወርድ። ይኸው ነው ምኞቷ።

የፕላስቲኩን ነገር ያመጣችውም ራሷ ናት። አምና ሰዉ ችግኙን ከነፕላስቲኩ እየቀበረ ሄደ። ጥቅምት ላይ ልታይ ስትመጣ ሁሉም ደርቆ ቆሟል፤ ሳብ ስታደርገው ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ ይመጣል። ያኔ ለችግኝ ተከላው ፕሮጀክት አስተባባሪ ለቻላቸው፣ "ባዶውን ፕላስቲክ ያልመለሰ እህል አይሰጠው" ብላ መከረችው። ቻላቸው "ይሄማ ምርጥ አይዲያ ነው!" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይኸው ሆነ፤ ሠላሳ ባዶ ፕላስቲክ ለመለሰ ሰው ግማሽ ኩንታል ስንዴና ሦስት ሊትር ዘይት። ችግኙን ማንም አይቆጥረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

ከተዳፋቱ ጫፍ፣ ጎርፍ በቆረሰው ቦረቦር አፍ ላይ፣ የተቆረጠ ኮሸሽላ ተከምሮ አየች። ኮሸሽላን ያህል እሾሃም ነገር ወዶ የሚቆርጥ፣ ቆርጦም የሚከምር ሰው የለም። በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው። ሥሩ አዲስ አፈር ነው፣ በጫማ ተረግጦ የተደለደለ፤ የኮንጎ ጫማው ዳና እንኳ አልጠፋም። ተንበርክካ በሁለት እጇ ጫረች። አንድ ክንድ እንኳ ሳትቆፍር ጣቷን የሚወጋ አረንጓዴ ነገር አገኛት።

አሉ። ሁሉም አሉ። እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ ሥራቸው ራቁቱን ቀርቶ፣ ከፊሉ አንገቱ ተቀንጥሶ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሞተ ውሻ ተጥለዋል። ከላይ ረግጠዋቸዋል፤ እንዳይታዩ፣ እንዲጠቀጠቁ፣ ዘለው ዘለው ረግጠዋቸዋል። በለጠች አፏን ምራቅ ሞላው። ዞር ብላ ተፋች። አልበቃ ሲላት ደገመች።

"እናንተ ሰዎች ናችሁ?" አለች ጉድጓዱን። "እናንተን እናት ወልዳችኋለች?"

የሐበሻ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍን በትነውት ዞር ሲሉ ይበቅላል። ጥድ ግን ደጅ ያስጠናል። ፍሬውን ከሴቲቱ ዛፍ ሥር ለቀመች፤ ሽምብራ የማታህል ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ። ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ሥጋው እስኪላጥ ከአሸዋ ጋር አሸችው፣ የተንሳፈፈውን ገለባ ደፍታ የሰመጠውን ብቻ ዘራችው። ሦስት ወር ጠበቀች። ከአሥሩ ሁለት በቀለ። የደባርቅ ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ችግኝን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አመሻሽ ላይ ሣር ታለብሳለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ትገልጣለች። ፕሮጀክቱ የሚወደው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። የሐበሻውን "ከሥራ ሰዓት ውጪ ከቻልሽ" ብለው ተዉላት። ቻለች። ያ ሁሉ ልፋት ስንዝር ተኩል ለሆነ ቁመት ነው፤ ሌላ ደግሞ የላትም። ዘር የምትለቅምበት ዛፍ ደርቋል፤ እነዚህ ከሞቱ የጥድ አምባ ጥድ አለቀ ማለት ነው።

ሥሩን ዳሰሰችው። ዝናቡ ይባረክ፣ እርጥብ ነው። እንዲህ ራቁቱን እስከ ማታ ይቆይ ይሆናል። ነገ ግን የለም። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችና የቻለችውን ያህል እየፈለቀቀች ከመረችበት፤ የቀረውን መልሳ በእርጥብ አፈር ሸፈነችው። ቋጥራ ተሸከመችና ቁልቁል ወረደች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር፣ ሃያዎቹ ወጣቶች ጠላና ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። የፕሮጀክቱ ፒካፕ ከቅጥሩ አጠገብ ቆሟል፤ ኋላው ላይ አሥራ ሁለቱ የፕላስቲክ እስሮች ተጭነዋል። ቻላቸው በለጠች የምትፈርምበትን ወረቀት የደጀ ሰላሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስልኩን ይነካካል። ከጎንደር የመጣ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ እየመረጠ የሚራመድ። በለጠች ካልፈረመች የቀበሌው መጋዘን አይከፈትም፤ ስለዚህ ሁሉም ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

"እትዬ በለጠች! የት ጠፋሽ?" አለ ቻላቸው። "ፈርሚልኝና ልሂድ፤ መንገዱ ሳይዘጋብኝ። ዛሬ እኮ ታርጌታችንን መታን!"

 ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ፈታችው። ጭቃውና ሥሩ፣ የተቀነጠሰውና ያልተቀነጠሰው አንድ ላይ ተዘረገፈ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ዛሬ የተተከለው ደን ነው። ሁሉንም መሸከም ስላልቻልኩ ነው፤ የቀረው ቦረቦሩ አፍ ላይ ባንድ ጉድጓድ ተቀብሯል። ሄደህ ቁጠረው።"

ከወጣቶቹ አንዱ ከኋላ ሳቅ ጀመረ፤ ማንም ሳይከተለው ሲቀር አፉን ዘጋ። ጠላ የያዘው ሁሉ ጣሳውን ማየት ጀመረ። ያርጋል ብድግ አለ። ረጅም ነው፣ እንደ አባቱ ትከሻው የሰፋ፤ በጠዋቱ ሲዘፍን ድምፁ እስከ ወንዙ ይሰማ የነበረ።

"እታለም፣ እስቲ ወደዚህ ነይ። ለብቻችን እንነጋገር።"

"ለብቻህ የቀበርከው አይበቃህም? እዚሁ ተናገር፤ ይስሙህ። ግንባርህን የሳምኩህ እኮ እዚሁ ነው።"

"አትጩኺብኝ። ሰው እያየ ነው።"

"ሰው? የቱ ነው ሰው?" አለችና ዞራ ሃያውንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ግማሹን በልጅነታቸው ንፍጣቸውን ጠርጋላቸዋለች።

ያርጋል ትንፋሹን ለቀቀ። "እሺ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ላሞቹ የት ይሂዱ? ወደ ላይ ፓርኩ ነው። ወደ ታች ገደል ነው። የቀረችን ይህቺ ተዳፋት ናት። ጥዱ ከያዘ ክልክል ትሆናለች፤ አሥር ዓመት የከብት ኮቴ አይረግጣትም። አንቺ ደባርቅ ነሽ፣ ደመወዝ አለሽ። እኛ ጥዱን እንጋጠው?"

"ታዲያ አፍ የለህም? ግንቦት ላይ ጉድጓዱ ሲቆፈር 'አንፈልግም' አትልም?"

"ብንልማ ስንዴው ይቀራል።"

እንዲህ ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው፤ ስለ አየሩ ጠባይ የሚያወራ ይመስል። ግጦሽ ቸግሮናል ቢል ታዝንለት ነበር፤ ይህን ችግር ታውቀዋለች፣ በዚህችው ተዳፋት ላይ ናት ጥጃ ስትጠብቅ ያደገችው። ያቅለሸለሻት ሌላው ነው። ስንዴውንም ግጦሹንም፣ ዘፈኑንም ምርቃቱንም፣ ሁሉንም ልጠቅልል ያለው ሆዱ ነው።

"ስማኝ፤" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሥሩ አልደረቀም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቆሟል። ሃያ ሰው ናችሁ። አሁን ብንነሣ አሥር ሰዓት ሳይሆን እንጨርሳለን። ከላይኛው ግማሽ ብቻ እንትከለው፤ የታችኛው ለላሞቹ ይሁን። ለዚህ እኔ ከፕሮጀክቱ ጋር እሟገትላችኋለሁ። ስንዴውንም በሐቅ ትበሉታላችሁ።"

ወጣቶቹ ተያዩ። አንዱ ዳቦውን ማላመጥ ቀጠለ። ለአፍታ ያህል የሚነሣ ሰው ያለ መስሏት ነበር።

"ልፊ ብሎሽ ነው፤" አለ ያርጋል። "ዛሬ ብንተክለው ሳምንት አይቆይም። በግ ባይበላው እኛው እንነቅለዋለን። ለምን እንዋሻለን?"

"ለምን እንዋሻለን!" አለች በለጠች። "ኧረ ጉድ በል! እሱ ደግሞ ውሸት ይጠላል!"

ከውስጥ ቄሰ ገበዝ ተክለ ማርያም ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ በለጠችን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ችግኙ አህያ ላይ ሲጫን ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጭተውለት ነበር። ሁሉም ተነሣላቸው። በለጠች ሮጣ መስቀል ተሳለመች።

"አባታችን፣ ይዩልኝ! እርስዎ የባረኩትን ችግኝ አፈር ውስጥ ረግጠው ቀበሩት። እርስዎ አንድ ቃል ይንገሯቸው። የእርስዎን ቃል አይተላለፉም።"

ቄሰ ገበዙ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን አዩት። አንዱን አንሥተው ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉለትና መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣" አሉ፣ "ቁጣሽ አግባብ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ተጨንቋል። ከብቱ ግጦሽ የለውም። ነገሩን እኔም ሰምቼው ነበርና ምን ልበል ብዬ ዝም አልኩ።"

"መቼ ነው የሰሙት?"

"ሰንበት ላይ።"

ሰንበት አራት ቀን ሆኖታል። 

"ሰምተው ነው እንዴ ዛሬ ጠዋት ጸበል የረጩት?"

"ጸበሉ ለችግኙ ነው ልጄ፣ ለተንኮሉ አይደለም።"

ወጣቶቹ መሬት መሬት አዩ።   በለጠች ሌላው ቢቀር ቄሰ ገበዙን ንጹሕ ብላ ይዛቸው ነበር። ዓይኗን ወደ ቅጥሩ አነሣች፤ ሴቲቱ ጥድ ደረቅ አናቷን ይዛ ቆማለች።

"ደግሞም፣" አሉ ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው፣ "የደብሩን ገበና አደባባይ ማውጣት ምን ይጠቅማል? የሆነው ሆኗል። ፈርሚላቸውና ቤታቸው ይግቡ። እኔ ንስሓ እሰጣቸዋለሁ።"

"በስንዴው ላይ ንስሓ?" አለች። ከዚህ በላይ ብትናገር ነውር ይሆንባት ነበርና ፊቷን አዞረች።

ቻላቸው ወረቀቱን ከጭቃው ሥር ስቦ ወደ ፒካፑ ጎን ወሰዳት። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋና ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ የፈሰሰበትን ጭቃ ጠረገ።

"እትዬ፣ በጣም ያሳዝናል። እውነቴን ነው። ግን እስቲ ፕራክቲካል እንሁን። ስንቱ እንደ ጸደቀ የሚቆጠረው ከርሞ ነው። ያኔ ውርጭ መታው ብለን ሪፖርት እናደርጋለን። አለቀ።"

"ውርጭ መታው?"

"አምናም እኮ ያልነው እሱኑ ነው።"

"አምና ፕላስቲኩን ሳትፈቱ ቀብራችሁት ነው የደረቀው። እኔ ነግሬህ ነበር!"

"ነግረሽኛል። ሪፖርቱ ላይ ግን ውርጭ ነው የሚለው።" ትከሻውን ነቀነቀ። "እዪ፣ እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ዛሬ ዜሮ ብለን ካስገባን አለቆቼ ምን ይላሉ? 'የሐበሻ ጥድ አልሠራም፤ ዝጉት' ነው የሚሉት። ከርሞ አንዲት መደብ እንኳ አይፈቅዱልሽም። የፎርማንነቱም ነገር... እኔ ልከላከልልሽ አልችልም። አንቺም ዘይቱን ትወስጃለሽ፤ ላንቺ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለይቼ አስቀምጫለሁ።"

እስክሪብቶውን ዘረጋላት። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው። ጥፍሩ ሥር እንኳ አፈር የለም። የራሷን እጅ አየች፤ እስከ ክርኗ ጭቃ፣ ኮሸሽላው የቧጨራት መስመር ደም አዝሎ። ይህ ልጅ በዓመት ሃምሳ ሺህ ዛፍ የሚያስተክል፣ አንዱንም ነክቶ የማያውቅ ልጅ፣ ጀሪካን ለይቶላታል።

"ጀሪካኑ የት ነው?" አለች።

ቻላቸው የተስማማች መሰለው። ፈገግ ብሎ የፒካፑን በር ከፈተ። ቢጫ ጀሪካን ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። በለጠች ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች።

"ዝጋው።"

ያርጋል ተከትሏቸው ቆሞ ኖሮ ቀረብ አለ። አሁን እንደ ቅድሙ አልደነፋም። ድምፁን የልጅነቱ አደረገው፤ አንድ ነገር ሲፈልግ እንዲያ ነው።

"እታለም፣ እኔን ተይኝ። ጥፋተኛ ነኝ። ግን ያ ስንዴ የማን አፍ የሚገባ ይመስልሻል? እማዬ ናት የምትበላው። ጎተራችን መስከረምን አያሻግርም። አንቺ በየወሩ የምትልኪያት መቶ ብር እስከ ምን ሊያደርሳት ነው? እናትሽን በጥድ ትለውጫለሽ?"

ይህ መታት። ሆን ብሎ እንደ መታት ደግሞ ታውቃለች፤ ቦታውን መርጦ ነው። እናታቸው ከያርጋል ቤት ናት፤ ዓይኗ ፈዟል፣ ጉልበቷ ከድቷታል፣ የሚበላ ሲያጣ "ጠግቤያለሁ" የምትል ናት። በለጠች የመኪናውን ጎን ይዛ ቆመች። ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከቅጥሩ ወዲያ ጉም ተዳፋቱን እየሸፈነ ወጣ። ብትፈርም ማንም አይጎዳም፤ ሁሉም የሚላት ይህን ነው። እናቷ ትበላለች፣ ወንድሟ አይዋረድም፣ ደብሩ ስሙ አይጠፋም፣ እሷም ሥራዋ አይነካም። የሚጎዱት ቦረቦሩ አፍ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አፍ የላቸውም።

እስክሪብቶውን ከቻላቸው እጅ ተቀበለችው። ያርጋል ትንፋሹን መለሰ። ቄሰ ገበዙም ከደጀ ሰላሙ "ይባርክሽ" አሉ።

በለጠች እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አኖረችውና ወደ ፒካፑ ኋላ ሄዳ የመጀመሪያውን እስር ሳበች። መሬት ላይ ዱብ አደረገችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አሥራ ሁለቱንም አወረደች።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ቻላቸው።

"ፕላስቲኬን እየወሰድኩ ነው።"

"እሱ እኮ ማስረጃው ነው! እሱን ቆጥረው ነው ስንዴውን የሚያወጡት። እሱ ከሌለ ምን አስገባለሁ?"

"ያየኸውን አስገባ። አይተሃል አይደል? ካላየህ ቦረቦሩ ሩቅ አይደለም፤ ጫማህን አውልቀህ ትወጣለህ።"

ቁጢጥ ብላ የእስሩን ገመድ በጥርሷ በጠሰችው። ፕላስቲኮቹን ዘርጋ ዘርጋ እያደረገች አየቻቸው። በምላጭ አልቀደዷቸውም፤ ቸኩለው ጎትተው ነው ያወለቋቸው፤ አብዛኛው ደኅና ነው። ከቅጥሩ ጥግ፣ ውኃ ካረሰው ከለስላሳው አፈር፣ በእጇ እየዛቀች አንዱን እስከ ግማሽ ሞላችው። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ችግኝ አነሣች፤ አንገቱ ያልተቀነጠሰውን መርጣ። ሥሩን ወደ ታች ለቀቅ አድርጋ መሃል ላይ አቆመችውና ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ጠቀጠቀች።

"የት ልታደርጊው ነው?" አለ ያርጋል። "ቦታ የለሽም። ጣቢያው ውስጥ አያስገቡልሽም።"

"ጓሮዬ ይቆማል። ጎመኑን እነቅላለሁ።"

"ስድስት መቶ?"

"የተረፈውን ያህል።"

"ስንዴውስ? ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?"

በለጠች ቀና ብላ አላየችውም። "ምንም አትንገራት። ቅዳሜ በቅሎ ተከራይቼ እመጣለሁ። እኔ ዘንድ ትሆናለች፤ ያለኝን እንበላለን።"

"እማዬን? ከቤቴ? ሰው ምን ይላል?"

"ውርጭ መታው በላቸው።"

ቻላቸው ሰዓቱን አየ፣ ጉሙን አየ፣ ጭቃ የነካውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወጣቶቹ ጠላቸውን ትተው አንድ በአንድ ከደጀ ሰላሙ እየወጡ ቆመው ያያሉ። ቄሰ ገበዙ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ውስጥ ገቡ።

 ያርጋል ቀስ ብሎ ከእህቱ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለና አንድ ፕላስቲክ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። በለጠች እስሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ሁለተኛውን ፕላስቲክ አፈር መሙላት ጀመረች።